ጂአርኢ ወይስ ጂማት? ከሒሳብ ቃላቱ ተነስተን እንምረጥ

ውጭ አገር ለማስተርስ ሊያመለክት የሚዘጋጅ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሒሳቡ የቱ ላይ ይቀላል?" ብሎ ነው። ጂአርኢና ጂማት ለድህረ ምረቃ ሲያመለክቱ የሚጠየቁ የመግቢያ ፈተናዎች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ካልኩለስ የለም። ትሪጎኖሜትሪም የለም። ያለው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተምረን ያለፍነው ነው፤ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ አርቢ፣ እኩልታ። ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከዚህ አሥር እጥፍ የሚከብድ ሒሳብ ሲፈታ የኖረ ሰው እዚህ ለምን ነጥብ ይጥላል?

አንድ ወዳጄ መሐንዲስ ነው። የመለማመጃ ፈተና ሠርቶ የማስሊያ ወረቀቱን አሳየኝ። "ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ" የሚለውን 5 − ኤክስ ብሎ ጽፎታል፤ መሆን ያለበት ኤክስ − 5 ነበር። ከዚያ በታች ያለው ስሌት አንድም ግድፈት የለበትም፤ እኩልታውን በደንብ ፈትቶ፣ ያገኘው ቁጥር ከምርጫዎቹ መሃል ስለነበረ በሙሉ ልብ ነክቶት አልፏል። ፈተና አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ስህተት አስቀድመው ያውቁታል፣ ከስህተቱ የሚወጣውንም ቁጥር ምርጫ ውስጥ ያስገቡታል። የዚያን ቀን የሳታቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ስናያቸው ግማሽ ያህሉ የሒሳብ ሳይሆኑ የቃል ስህተቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ለመምረጥ ለሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ከቃላቱ እንዲጀምር ነው የምነግረው።

መጀመሪያ የሁለቱን መልክ እንያቸው

ጂአርኢ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አጥሯል። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት አይሞላም። የሒሳቡ ክፍል ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ሌላው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። በድምሩ 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ መሆኑ ነው፤ ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ አለላችሁ። ይዘቱ አራት ነው፦ አሪትሜቲክ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና ዳታ ትንተና። የሒሳቡ ውጤት ከ130 እስከ 170 ይሰጣል።

አሁን ያለው ጂማት ደግሞ በኖቬምበር 2023 የወጣው ነው፤ የድሮው በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ቀርቷል። ሦስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። የሒሳቡ ክፍል 21 ጥያቄ ነው፣ ለአንዱ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ጂኦሜትሪ ከውስጡ ወጥቷል፤ የቀረው አሪትሜቲክና አልጀብራ ብቻ ነው። ግን እዚህ ክፍል ላይ ካልኩሌተር የለም። ካልኩሌተር የሚፈቀደው ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው፣ ከሠንጠረዥና ከግራፍ መረጃ የሚያስነብበው ክፍል ላይ ነው። ጠቅላላ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው።

አንድ ልዩነት ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ጂአርኢ የጥያቄውን ክብደት የሚያስተካክለው በክፍል ነው፦ የመጀመሪያውን የሒሳብ ክፍል እንደሠራችሁበት ሁኔታ ሁለተኛው ይከብዳል ወይም ይቀላል። ክፍሉ ውስጥ ግን ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ዘሎ መመለስ ይቻላል። ጂማት የሚያስተካክለው በየጥያቄው ነው። ክፍሉን ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ መቀየር የምትችሉት ግን እስከ ሦስት መልስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃል ጠፍቶባችሁ "ቆይ እመለስበታለሁ" የማለት ልማድ ካላችሁ ጂአርኢ ይበልጥ ይታገሳችኋል።

አገር ውስጥ ለመማር ለምታስቡ ደግሞ ጉዳዩ አጭር ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ያስጀመረው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ እዚያ ምርጫ የለም። የሒሳብ ቃላቱ ግን እነዚሁ ስለሆኑ ከታች ያለው ለእናንተም ይሠራል።

አማርኛችን የሚያግዘን ቦታ

ብዙዎቻችን ሒሳብን በአማርኛ ጀምረን ከፍ ስንል ወደ እንግሊዝኛ ዞርን። ጭንቅላታችን ውስጥ ሁለት የቃል መደርደሪያ አለ። አንዳንድ አስጠኚ "አማርኛውን እርሱት፣ በእንግሊዝኛ ብቻ አስቡ" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ያን "ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ" እንመልከተው። በእንግሊዝኛው መጀመሪያ የሚሰማው 5 ነው፣ እጃችን ቀድሞ 5 ይጽፋል። በአማርኛ ስትሉት ግን "ከኤክስ በ5 የሚያንስ" ይሆናል። ኤክስ ቀድሞ መጣ፣ 5 ተከተለ፣ ማነሱ መጨረሻ ላይ መጣ። እንደ ሰማችሁት ብትጽፉት ኤክስ − 5 ነው፣ ትክክል። "ሰብትራክት ሰቨን ፍሮም ዋይ" የሚለውም እንዲሁ፤ "ከዋይ ላይ 7 ቀንስ" ስትሉ ዋይ − 7 ራሱ ተደርድሮ ይመጣል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ማድረጉ እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ስጦታ ነው። ወዳጄ ይህን ካየ በኋላ የመቀነስ ቃል ያለበትን ሁሉ በለሆሳስ በአማርኛ እያለ ነው የሚጽፈው፣ ያ ዓይነት ስህተትም ቀርቶለታል።

እዚሁ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ተጠንቀቁላት። "ፋይቭ ኢዝ ሌስ ዛን ኤክስ" ሲባል መቀነስ የለም። "5 ከኤክስ ያንሳል" ማለት ነው፣ የሚጻፈውም 5 < ኤክስ ተብሎ ነው። "ኢዝ" ስትገባ ነገሩ ከመቀነስ ወደ ማነጻጸር ይዞራል። በጥድፊያ ሲነበብ የምትታለፍ ቃል ናት።

አካፋይና ብዜትም በአማርኛ ይጠራሉ። ፋክተርና መልቲፕል የሚለው ጥንድ ስንቱን አምታቷል! አካፋይ የሚያካፍል ነው፤ የ12 ፖዚቲቭ አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ናቸው፣ አለቀ። ብዜት ሲባዛ የሚመጣ ነው፤ 12፣ 24፣ 36 እያለ ማለቂያ የለውም። ስሙ ራሱ ሥራውን ይነግራችኋል። 0 ደግሞ የማንኛውም ኢንቲጀር (ክፍልፋይ የሌለው ቁጥር) ብዜት ነው፣ ይህን ያዙት።

አማርኛችን የሚያሳስተን ቦታ

"ሙሉ ቁጥር" ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያሉ መቁጠርን ነው። ፈተናው ላይ የሚመጣው ቃል ግን ኢንቲጀር ነው፣ በውስጡም −1፣ −2፣ −3 አሉ። ኢንቲጀርን "ሙሉ ቁጥር" ብሎ በልቡ የተረጎመ ሰው አሉታዊዎቹን ሳያያቸው ያልፋል፣ ጥያቄው የተሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ላይ ነው። ይህን ቃል አትተርጉሙት፣ ኢንቲጀር ብላችሁ ያዙት። "ፖዚቲቭ" ሲሉ 0 ውጭ ነው፤ "ኖን-ኔጋቲቭ" ሲሉ 0 ውስጥ ነው። 0 ተጋማሽ (ኢቭን) ቁጥር ነው። 1 ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥር አይደለም፤ ብቸኛ ቁጥሮች የሚጀምሩት ከ2 ነው፣ ከብቸኛዎቹ መሃል ተጋማሽ የሆነውም 2 ብቻ ነው።

"በላይ" የሚለውም ቃል አለ። በዕለት ንግግራችን "ከ18 ዓመት በላይ" ስንል ብዙ ጊዜ 18ቱን ጨምረን ነው። ፈተናው "ሞር ዛን 18" ሲል 18ን አይጨምርም። "አት ሊስት 18" ሲል ይጨምራል። አማርኛው "ቢያንስ" በትክክል "አት ሊስት"ን ይተካል፣ "ቢበዛ" ደግሞ "አት ሞስት"ን። "ኖ ሞር ዛን" ሲመጣ "ቢበዛ" በሉት። "በላይ" እና "በታች" የሚሉትን ግን ወረቀት ላይ ባታደርሷቸው ይሻላል፣ ምልክቱን ራሱን ጻፉ።

"እጥፍ" ደግሞ የባሰ ነው። "ዋጋው ሦስት እጥፍ ጨመረ" ስንል የቀድሞው 100 ብር አሁን 300 ሆነ ማለታችን ነው። ፈተናው "በ300 ፐርሰንት ጨመረ" ካለ ግን የተጨመረው ብቻውን 300 ነው፣ ዋጋው 400 ይሆናል። 300 እንዲሆን የሚጨመረው 200 ፐርሰንት ነው።

ፐርሰንት ላይ ካነሳን ኪሳችን ውስጥ ያለውን ደረሰኝ እናውጣ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ነው። ጠቅላላው 1,150 ብር ከሆነ ከታክሱ በፊት ስንት ነበር? ብዙ ሰው የ1,150ን 15 ከመቶ ያሰላና 172 ከ50 ቀንሶ 977 ከ50 ይላል። ደረሰኙ ላይ ግን 1,000 ነው የተጻፈው። 15 ከመቶው የተሰላው ከ1,000 ላይ እንጂ ከ1,150 ላይ አይደለም። ስለዚህ ፐርሰንት ባያችሁ ቁጥር "የምኑ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሀ ከለ በ25 ፐርሰንት ይበልጣል ማለት ለ ከሀ በ25 ፐርሰንት ያንሳል ማለት አይደለም፤ 125ና 100ን ብትወስዱ ለ የሚያንሰው በ20 ፐርሰንት ነው። ሁለቱም ፈተናዎች ይህችን ይወዷታል፣ ጂማት ግን ያለ ካልኩሌተር ስለሚጠይቃት 15 ከመቶን "10 ከመቶውና የሱ ግማሽ" እያሉ በቃል ማስላት መልመድ ግድ ነው።

የጂአርኢው የራሱ ወጥመድ

ጂአርኢ ላይ ሁለት መጠን ሰጥቶ የሚያነጻጽር ጥያቄ አለ። መልሱ ሁሌም ከአራቱ አንዱ ነው፦ ሀ ይበልጣል፣ ለ ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ ወይም በተሰጠው መረጃ አይታወቅም። ቃል እንዴት መልስ እንደሚቀይር ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ሀ ኤክስ² ነው እንበል፣ ለ ኤክስ። ምንም ካልተባለ አይታወቅም፤ 2 ላይ 4 ከ2 ይበልጣል፣ ግማሽ ላይ ሩብ ከግማሽ ያንሳል። "ኤክስ ፖዚቲቭ ነው" ቢሉንስ? ያው ነው፣ 2ም ግማሽም ፖዚቲቭ ናቸው። "ኤክስ ፖዚቲቭ ኢንቲጀር ነው" ሲሉ ግማሽ ወጣ፣ ብዙ ሰውም እዚህ ጋ "እንግዲያው ሀ" ብሎ ይነካል። ግን 1 አለ! 1 ላይ እኩል ናቸው፣ አሁንም አይታወቅም። "ኤክስ ከ1 የሚበልጥ ኢንቲጀር ነው" ሲባል ብቻ ነው ሀ እርግጠኛ የሚሆነው። "ኤክስ በ0 እና በ1 መካከል ነው" ቢባል ደግሞ ለ ይበልጣል። ሒሳቡ አንድ ነው፣ ኤክስን በራሱ ማባዛት። መልሱን የወሰኑት ከጎኑ የተጻፉት ሁለት ሦስት ቃላት ናቸው።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አምስት ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፦ 0፣ 1፣ 2፣ ግማሽ፣ −1። ቃሉ የትኛውን እንደሚያስወጣ እዩ፣ የቀሩትን ሞክሩ።

ሌላው ጂአርኢ ላይ ያለው ምርጫ የሌለው ጥያቄ ነው፤ መልሱን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ክፍልፋይ ከሆነ ማቃለል ግዴታ አይደለም፣ 6 ለ 8 ብትጽፉም 3 ለ 4 ብትጽፉም ይቀበላል። ከአንድ በላይ መልስ የሚያስመርጠው ዓይነት ላይ ግን ሁሉንም ትክክለኛ መልሶች መንካት ያስፈልጋል፣ ለግማሽ መልስ ግማሽ ነጥብ የለም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ጂኦሜትሪው ላይ ሥዕሉን በዓይን አትመኑት፣ በልኩ ላይሳል ይችላል።

ጂማቱስ?

ጂማት ላይ ከባዱ ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው ነው። አሁን ያለው ዳታ ኢንሳይትስ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጥያቄና ሁለት መግለጫ ይሰጣችኋል። መልሱን ፈልጉ አይላችሁም፤ መልሱን ለማግኘት የተሰጠው ይበቃል ወይ ነው የሚላችሁ። አንደኛው ብቻ ይበቃል? ሁለተኛው ብቻ? ሁለቱ አንድ ላይ? እያንዳንዱ ለብቻው? ወይስ ሁለቱም ተደምረው አይበቁም?

እኔ የሠራሁትን ምሳሌ እንሞክር። አንድ ካፌ ዛሬ ጠዋት ቡናም ሻይም ሸጧል። ስንት ሲኒ ቡና ሸጠ? አንደኛው መግለጫ፣ የቡናው ከሻዩ ጋር ያለው ንጥጥር 5 ለ 3 ነው። ሁለተኛው፣ በድምሩ የተሸጠው ከ16 ሲኒ ያንሳል።

ንጥጥር ብዛትን አይነግርም፤ 5ና 3 ሊሆን ይችላል፣ 50ና 30ም። አንደኛው ለብቻው አይበቃም። "ከ16 ያንሳል" የሚለውማ ብቻውን ምንም አይደለም። ሲደመሩስ? አብዛኛው ሰው "ከ16 ያንሳል ማለት ቁርጥ ቁጥር አይደለም፣ አይበቃም" ብሎ ያልፋል። ግን ሲኒ ኢንቲጀር ነው፤ ሁለት ሲኒ ተኩል አይሸጥም። ንጥጥሩ 5 ለ 3 ከሆነ ድምሩ የ8 ብዜት መሆን አለበት። ከ16 የሚያንስ የ8 ብዜት፣ 0ን ስናስወጣ፣ 8 ብቻ ነው። ቡናው 5 ሲኒ ነው። በቃ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ። ጥያቄው ውስጥ "ኢንቲጀር" የሚል ቃል የለም፣ "ብዜት" የሚልም የለም። እናንተ ከቤታችሁ ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ። ጂአርኢ ቃሉን ጽፎ ያስታችኋል፣ ጂማት ቃሉን ሳይጽፍ ያስታችኋል ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የቱን?

መጀመሪያ የምታመለክቱበትን ዲፓርትመንት ገጽ ክፈቱ። ብዙ ፕሮግራሞች ጂአርኢን ትተዋል፤ ካልጠየቁ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም አታባክኑ። ኢንጂነሪንግ፣ ሳይንስ፣ የሕዝብ ጤና የመሳሰሉት ላይ ከሆናችሁና ፈተና ከተጠየቀ ብዙውን ጊዜ ጂአርኢ ነው። ምርጫው የሚመጣው ለኤምቢኤና ለመሳሰሉት ነው፤ ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ።

ከሒሳቡ አንጻር የኔ ምክር ይህ ነው። የትምህርት ቤት ሒሳባችሁ መሠረቱ ጥሩ ሆኖ የእንግሊዝኛ ቃላቱ ከዛጉባችሁ ጂአርኢ ይሻላችኋል። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፣ የሚመላለሱት ቃላትም ውስን ናቸው፤ ስልሳ ሰባ ቃል በደንብ ከያዛችሁ ድንገተኛ ነገር አይኖርም። ጂኦሜትሪ ከጠፋባችሁ ዓመታት ከሆነ፣ በቃል ማስላት ከቻላችሁ፣ ሥራችሁ ከሠንጠረዥና ከሪፖርት ጋር ከሆነ ጂማት ይሻላል። ባንክ ወይም ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ዳታ ኢንሳይትስ ላይ እንደ ቤቱ ነው የሚሆነው። ቨርባል የሚባለው የጂአርኢ የቋንቋ ክፍል ከባድ እንግሊዝኛ እንዳለው ግን አትርሱ፤ ሒሳቡን አይታችሁ ብቻ ከመረጣችሁ በሌላኛው በኩል ትደነግጣላችሁ።

ሳትመዘገቡ ሁለቱንም መሞከር ይቻላል። የጂአርኢው አዘጋጅ ኢቲኤስ ሁለት ነጻ የመለማመጃ ፈተና በድረ ገጹ ላይ አለው፤ ጂማትም እንዲሁ ሁለት ነጻ አለው። አንድ አንድ ሥሩ። ኢቲኤስ ከዚህ ሌላ የሒሳብ ክለሳና የሒሳብ ደንቦች የሚላቸውን ጽሑፎች በነጻ አስቀምጧል። ደንቦቹን ሳያነብ የሚገባ ሰው ያሳዝነኛል። የ16 ዳግም ዘር (√16) 4 ብቻ እንደሆነ፣ ኤክስ² = 16 ሲባል ግን 4ም −4ም እንደሆነ የሚለያችሁ እሱ ነው።

ቃላቱን ለመያዝም ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንዱ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ዝርዝር መሸምደድ ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ፈተና ላይ ግን አያድንም፤ "ሪሜይንደር ቀሪ ነው" ብሎ የሸመደደ ሰው 3 ለ 7 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው ሲባል ይፈዛል። ድርሻው 0፣ ቀሪው 3 ነው። ሌላው በእንግሊዝኛ ብቻ ማጥናት ነው፤ ለለመደው ጥሩ ነው፣ ግን ያን የመቀነስ ቅደም ተከተል የመሰለ እርዳታ ይቀርባችኋል። እኔ የምመርጠው ሦስተኛው ደብተር መያዝ ነው። በአንድ ገጽ አንድ ቃል። ከላይ ቃሉ ያለበት ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ አማርኛው፣ ከዚያ ቃሉ የሚያስገባው ቁጥርና የሚያስወጣው ቁጥር። ለምሳሌ "ኢንክሉሲቭ" ገጽ ላይ ከ10 እስከ 20 ሁለቱም ተቆጥረው 11 ኢንቲጀር፣ ያለ ሁለቱ 9። "ዲስቲንክት" ገጽ ላይ 3፣ 3፣ 5 ይሰረዛል፣ 2፣ 3፣ 5 ይቀራል። "ኮንሰኪዩቲቭ ኢቭን" ገጽ ላይ −2፣ 0፣ 2።

የመለማመጃ ፈተና በሠራችሁ ቁጥር የሳታችሁትን ጥያቄ አጠገብ አንድ ፊደል ጻፉ። ቃሉ ካሳታችሁ "ቃ"፣ ስሌቱ ከሆነ "ስ"፣ ጊዜ ካለቀባችሁ "ጊ"። "ቃ" የተጻፈበት ሁሉ ወደ ደብተሩ ይሄዳል። በአንድ ሙሉ ፈተና ላይ "ቃ" ከሁለት በታች እስኪወርድ ድረስ የፈተና ቀን አታስይዙ።